ለእንግዳዋ ሥራ ፈልጉላት

በሐምሌ ወር ደራ ወረዳ ውስጥ ሥራ የፈታ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሩዝ የዘራው አረም ላይ ነው፤ ጤፍ የሚዘራው እርሻውን እየደጋገመ ነው፤ ልጁ ከከብት ኋላ ነው፤ ሴቲቱ ከማሳ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ማሳ ናት። በዚህ ወር ሥራ የሚፈታ አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ታድሎ በሩ ይቆለፋል፤ ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ይጠለላል፤ የግቢው ሣር ጉልበት ይደርሳል። ከባሕር ማዶ እንግሊዝኛ ልታስተምር የተነሣችው በጎ ፈቃደኛ አንበሳሜ የምትገባው እንግዲህ ልክ በዚህ ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የእሷ ነው ለማለት ይከብዳል። እሷ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው። እነሱ አገር ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ የሚጎርፍበት ወቅት ስለሆነ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ የፀሐይ መነጽርና ነጠላ ጫማ ከታለች። ከባሕር ዳር ተነሥታ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋ አንበሳሜ እስክትደርስ ድረስ መነጽሩን ከቦርሳዋ አላወጣችም፤ ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረማ። ነጠላ ጫማውን ደግሞ ዋልካው ተረከባት። የዚህ አገር ዋልካ መጀመሪያ አንዱን ጫማ ይወስዳል፤ እሱን ፍለጋ ጎንበስ ሲሉ ሁለተኛውን።

ልጅቱ ልበ ቅን ናት፤ ይህን ቀድሜ ልናገር። እንደ እሷ ያሉትን በየክረምቱ ያየ ሰው በክፋት አያማቸውም። የሚያስቀው ሌላ ነው፤ በተለይ እኛ ራሳችን የምናደርገው።

ነገሩ ግራ ማጋባት የሚጀምረው ገንዘብ ላይ ሲደረስ ነው። ቤቷን ያከራየቻት እናት በአስተርጓሚ ትጠይቃለች።

«ለመሆኑ ልጀ፣ ለዚህ ሥራ ስንት ቆረጡልሽ?»

«እኔ ነኝ የከፈልሁት» ትላለች ልጅቱ በኩራት። ለአውሮፕላኑ ከፍላለች፤ ለምዝገባው ከፍላለች፤ እሷን እዚህ ላመጣት ድርጅት «ለማስተባበሪያ» ብላ ከፍላለች። አስተርጓሚው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው፤ ቁጥሩን ሰምቶ የራሱን የዓመት ደመወዝ በሆዱ ደምሮ ሲያበቃ ሳይተረጉመው ያልፋል።

እናት ትንሽ ታስባለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከፍላ ነው የምትሠራው? ምን አጥፍታ ነው በሉኝ?»

ከዚያ ትልቁ ሥራ ይመጣል፤ ለእንግዳዋ ሥራ መፈለግ። ኮሚቴ ይቋቋማል። ርዕሰ መምህሩ ክረምቱን ቤተሰቦቹ ዘንድ ሞፈር ጨብጦ ሊያሳልፍ ሄዶ ነበር፤ በስልክ ተጠርቶ በጭቃው ተመለሰ። የመማሪያ ክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠየቃል፤ ቁልፉ ያለው ሰው እስቴ ሄዷል። ቁልፉ ሲገኝ ጠመኔ ይጠፋል። ጠመኔው ሲገኝ የሚጎድለው ተማሪ ብቻ ይሆናል። የቀበሌው ሰው በየቤቱ እየዞረ «እባካችሁ፣ ለጧት ሁለት ሰዓት ብቻ ልጅ ስጡን፤ እንግዳ ናት፤ አናሳፍራት» ይላል።

እዚህ ላይ ስለ ሩዝ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሩዝ አረም አይችልም። በሐምሌና በነሐሴ ቤተሰቡ በሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገቡን አጥፎ በእጁ ሲነቅል ይውላል። ለዚህ ሥራ ልጅ ዋና ጉልበት ነው። አባት ግን «አይሆንም» ማለት አይሆንለትም፤ ይሉኝታ አለበት። ልጁን ለእንግሊዝኛው ይሰጥና በምትኩ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። በሩ ላይ በተሰቀለው ባነር «ነፃ የክረምት ትምህርት» ተብሎ ተጽፏል። ነፃነቱን የከፈለው ገበሬ ግን ባነሩን ሊያነብ አልመጣም፤ ማሳ ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን አረሙን አትነቅልም?» የሚል ይኖራል። ጠይቃ ነበር እኮ። አንድ ቀን ሱሪዋን ጠቅልላ ገባች። የሩዝ ቡቃያና ሣር በዚያ ዕድሜያቸው መንታ ነው የሚመስሉት፤ ለመለየት እዚያው መወለድ ይጠይቃል። እሷ ባለፈችበት መደዳ የቀረው ሣሩ ነበር። የማሳው ባለቤት ከዳር ቆሞ «ጎሽ! በርቺ የኔ ልጅ!» ይላታል፤ አጠገቡ ላሉት ደግሞ በዝግታ «ኧረ በማርያም ወደ ትምህርት ቤቷ መልሷት»። ማታ በባትሪ ብርሃን የተነቀለውን መልሶ ሲተክል አመሸ። በማግሥቱ ባገኛት ጊዜ አመሰገናት።

ትምህርቱ እንዴት ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ደስ ይላል። ልጆቹ ራሳቸውን፣ ትከሻቸውንና ጉልበታቸውን እየነኩ ይዘፍናሉ። እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ጎረምሳ ኤ ቢ ሲ ዲን እንደ ገና ሲማር አፍሮ ከኋላ ይቀመጣል። ጥሩ መምህር ቢኖርላቸው የሚጠይቁት ሌላ ነበር፤ ግን እንዳትከፋ ብለው እነሱም ኤ ቢ ሲ ዲን አዲስ ነገር እንደ ሰሙ ሆነው በመገረም ይቀበላሉ። ልጅ ሳይቀር ይሉኝታ ያለበት አገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀለም ቅብ አለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ግድግዳ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ይሣላል፤ ከሥሩ የሣሉት ሰዎች ስምና የእጅ መዳፍ አሻራ ይታተማል። ሐምሌ ላይ የተቀባ ቀለም ግን አይደርቅም። አውስትራሊያ በማግሥቱ ዝናብ ወደ አንታርክቲካ ትወርዳለች። የሚቀጥለው ክረምት እንግዳ ሲመጣ «ይህ ግድግዳ ተጎሳቁሏል» ብሎ ይፍቀውና እንደ ገና ይቀባዋል። በዚህ መንገድ አንድ ግድግዳ ብዙ በጎ ፈቃደኛ ያስተናግዳል።

የሥራ ቀኑን ደግሞ እንይ። የድርጅቱ ደንብ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ነው ይላል። ሐምሌ በእኛ በኩል በ5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለው። በነዚህ ቀናት ሞፈር የሚያነሣ ሰው በረዶ የወረደ እንደሆነ ለመንደሩ መልስ መስጠት አለበት። እንግዲህ ልጆቹ ከማሳ ነፃ የሚሆኑት፣ በደንብ ሊማሩ የሚችሉት በነዚህ ቀናት ነበር። እንግዳዋ ግን በዓል መሆኑን ስትሰማ በአክብሮት እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። «ባህላችሁን አከብራለሁ፤ እኔም አልሠራም።» ባህላችንን የምታከብረው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተቀምጣ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከአገልግሎቱ ይልቅ ዕረፍቱ የተሳካ ነው። ክረምት ለማስተማርም ለቀለምም ባይመች ለጢስ ዓባይ ግን ከእሱ የተሻለ ጊዜ የለም። በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል፤ በነሐሴ ግን ወንዙ ለሁሉም ተርፎ ጢሱ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ጎንደር፤ የፋሲል ግቢ። ከዚያ ሰሜን ተራሮች፤ ክረምት ላይ ጉሙ ከእጅ ርቀት በላይ ስለማያሳይ ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ሄዳ የዝንጀሮ ድምፅ ሰምታ ተመለሰች። ከዚያ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፋ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መንገድ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርጋ ላሊበላ። ስትመለስ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱትን የአውራምባን ማኅበረሰብ ጎበኘች፤ ወንዱ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴቷ ስታርስ ፎቶ አነሣች። ሸማኔዎቹ ነጠላ ሸጡላት። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንግዳን በማስተናገድ አውራምባዎች ከሁላችንም ይበልጣሉ፤ የመግቢያ ዋጋ አላቸው፣ የሚያሳዩት ነገር አላቸው፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ማንም ሰው ለጎብኚ ብሎ ልጁን ከአረም አያስነሣም።

ሰኞ ማለዳ (አንዳንዴ ማክሰኞ፤ መንገዱ ተበላሽቶ) ስትመለስ ርዕሰ መምህሩ ይቀበላታል። ስልኳን አውጥታ ታሳየዋለች። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች። ርዕሰ መምህሩ ታሪክ ነው የሚያስተምረው፤ ስለ ላሊበላ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፏል። ቦታውን ግን አይቶት አያውቅም። «እውነት ከአንድ ድንጋይ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም የሰማችውን ታስረዳዋለች።

ይህን ያየ የአንበሳሜ ሰው በእሷ ይስቅ ወይስ በራሱ? ጢስ ዓባይ ለእኛ ጎረቤት ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቀው ከድሮው አንድ ብር ጀርባ ነው፤ ብሩ ሳንቲም ሲሆን እሱንም አጣነው። ዋንዛዬ ፍል ውኃ እዚሁ ወረዳችን ውስጥ ነው፤ የምንሄደው ወገባችን ሲታመም ብቻ ነው። ፈረንጁ የእኛን አገር ለማየት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያጠራቅማል፤ እኛ ገንዘብ ስናገኝ የእሱን አገር ለማየት ቪዛ እናመለክታለን። ኤምባሲ በር ላይና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እየተላለፍን ነው።

አሁን የማን አገልግሎት እንደበለጠ እንተሳሰብ። አከራይዋ ለእንግዳዋ ብላ አዲስ ፍራሽ ገዝታለች። ጎረቤት ብርድ ልብስ አውሷል። አንድ ጎረምሳ ጧትና ማታ በጭቃው ላይ ቦርሳዋን ተሸክሞ ይከተላል፤ ክፍያ የለውም፤ ተስፋው ኢሜይሏ ነው። የባጃጁ ልጅ ዝናብ ሲጥል ከመስመሩ ወጥቶ ያደርሳታል። ውኃ ይፈላላታል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ አሥራ አምስት ቀን ሽሮና ምስር። በሦስተኛው ቀን እንግዳዋ ፊቷ ገረጣ፤ ሆዷም ተበላሸ። አከራይዋ በጾም ቤቷ ውስጥ እንቁላል ሰበረች። ለአንድ የደራ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን አዙራ ጠበሰችላት። ድስቱን አጥባ እንኳ እስከ ፍቺ አልተጠቀመችበትም። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየበሩ ሲመጡ ሙልሙል በእንግዳዋ እጅ እንዲሰጥ አደረገች፤ ልጆቹም የማያውቋትን «የቤቱ እመቤት» መረቁ።

ይህን ሁሉ ያደረጉ ሰዎች በጎ ፈቃደኛ የሚል ስም አልተሰጣቸውም። ሰርተፍኬቱ የተጻፈው ለእንግዳዋ ነው፤ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ በባለ ቀለም ያሳተመው ኮሚቴው፣ ወጪውም ከመምህራኑ መዋጮ። ለስንብቱ የአገር ልብስ ተገዛላት። ንግግር ተደረገ። «ያደረግሽልንን መቼም አንረሳውም» ተባለ። እሷ አለቀሰች፤ አከራይዋም አለቀሰች። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ በዚያ ላይ አልቀልድም።

ግን አንድ ጊዜ ጠይቃን ነበር። «በእውነት የሚያስፈልጋችሁ ምንድን ነው?» ብላ፣ ኮሚቴው በተሰበሰበበት። እርስ በርሳችን ተያየን። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ምንም አልጎደለንም፤ መምጣትሽ ይበቃናል» አለ። እሷም አመነች፤ ለምን አታምን? የሄደች ዕለት ማታ ግን ያው ኮሚቴ ተሰብስቦ «ለድርጅቱ ደብዳቤ ጽፈን ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን እንጠይቅ» ሲል ቃለ ጉባኤ ያዘ። ፊት ለፊት ስትጠይቅ ደብቀን ስትሄድ የምንጠይቅ ሰዎች እኛ ነን።

የእኛ አካባቢ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ዛሬ አይደለም ያየው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይሉኝታ አልነበራቸውም። ከባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪስኮና ትምህርት ቤት የመጡት ሚስዮናውያን ወንጌል ልንሰብክ ነው ሲሉ፣ ንጉሡ ጋፋት ላይ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ አስቀመጧቸውና መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ዋልድማየርና ሳልሙለር መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። ሞከሩ፣ ፈነዳ፣ እንደ ገና ሞከሩ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ ሰው እየጎተተው መቅደላ ድረስ ሄደ። ያ አያያዝ መጨረሻው አላማረም፤ አውሮፓውያኑ ታሰሩ፣ እንግሊዝ ዘመተ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ይሁንና ንጉሡ የሚፈልጉትን በግልጽ በመናገር ረገድ ከእኛ ኮሚቴ ጋር አይወዳደሩም።

የሰላም ጓዶቹም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን፣ ወደ 280 የሚጠጉ መምህራን፣ የመጡት በመስከረም 1955 ዓ.ም. አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ያን ክረምት ያሳለፉት ዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አማርኛ ሲማሩ ነበር። ሁለት ዓመት ቆዩ። እነሱም በዕረፍታቸው ዞረዋል፣ ፎቶ አንሥተዋል፣ ሆዳቸውም ተበላሽቷል። ግን አንድ ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል አግኝተውት አሥረኛ ክፍል ሲደርስ አይተዋል። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት እስከ መወዳደር ደርሷል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን እዚሁ ደራ ውስጥ፣ ጅግና ቀበሌ የሆነው ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ የእርሻ ባለሙያዎች መጥተው ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ ሩዝ ሞከሩ። ያን ጊዜ ያ መሬት በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ የሚዋጥ፣ ከፎገራ ላሞች ግጦሽ በቀር ብዙም የማይፈለግ ነበር። ዛሬ ፎገራን ሩዝ አበላ፤ ጤፍ ሲወደድ እንጀራችን ውስጥ ገባ፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተሠራ። ገበሬው ለብዙ ዓመት የዘራው ዝርያ ስሙ ኤክስ ጅግና ነው። የቀበሌያችን ስም። የኮሪያዎቹን ስም የሚያስታውስ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም፤ መዳፋቸውንም ግድግዳ ላይ አላተሙም።

ክረምት ላይ መጥቶ የጠቀመም የለም አልልም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ ካላዛር ገብቶ ሰው ሲጨርስ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን አዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ከፍቷል። በሽታው የመጣበትን ጊዜ ተከትለው ነበር የመጡት፤ የራሳቸውን ዕረፍት አልጠበቁም።

«ፈረንጅ እንዲህ ነው» ብሎ እዚህ ላይ ማቆም ይቀል ነበር። ደግነቱ የእኛም በጎ ፈቃድ በዚያው በክረምት ነው። ሐምሌ ሲብት በየወረዳው «የክረምት ወራት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማስጀመሪያ ፕሮግራም» ይዘጋጃል። ቲሸርት ይታተማል፤ ኮፍያ ይታደላል። የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ጎጆ ይመረጣል። ኃላፊው ጓንት አጥልቆ፣ ቦቲ ጫማ ተጫምቶ አንድ እፍኝ ጭቃ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ ካሜራው ስላልደረሰ ያንኑ እፍኝ አንሥቶ ደግሞ ይለጥፋል። የአገሬው ሰው ቤት የሚመርገው በበጋ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ሐምሌ ላይ የተመረገ ጭቃ እስከ መስከረም አይደርቅም፤ ይወርዳል። እናቲቱም ያውቃሉ። «እድሜ ይስጣችሁ ልጆቼ» ይላሉ፤ ማታ ዝናቡ ሲገባ ኮርቻና ቁርበት እያንቀሳቀሱ ጥግ ይፈልጋሉ። ችግኝ ተከላው ብቻ ነው ወቅቱን የጠበቀ፤ እሱም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ስንት ሚሊዮን እንደተተከለ ተቆጥሮ ተነገረን። የጸደቀውን የሚቆጥር ማስጀመሪያ ፕሮግራም ገና አልተዘጋጀም።

በጎ ፈቃድ ለምን ክረምት ላይ ይሆናል ብትሉ፣ ተማሪው የሚያርፈው፣ መሥሪያ ቤቱ የሚቀዘቅዘው፣ ዲያስፖራው የዓመት ፈቃድ የሚያገኘው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ሜሪላንድ የተወለደች የእህታችን ልጅም «ሥሯን እንድታውቅ» ተብላ በሐምሌ ትላካለች፤ ሥሯ ውኃ ውስጥ ነው። የረጂው ዕረፍት ይታያል፤ የተረጂው ሥራ መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡት ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን እንኳ ታኅሣሥ ላይ ነበር የተንቀሳቀሱት፤ ሌላው ሌላው ቢታማ ወቅቱስ አይታማም።

ገበሬው ይህን ጉዳይ ድሮ ጨርሶታል። ደቦ የሚጠራው አጨዳው ሲደርስ ነው። ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ ምሳውን አዘጋጅቶ «ለማክሰኞ ኑልኝ» ይላል። የተጠራው «እኔ የሚመቸኝ በሰኔ ነው» አይልም። ወንፈል ከሆነ ደግሞ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ማንም ለማንም ሰርተፍኬት አይጽፍም፤ ያልመጣ ግን ይታወሳል፤ የእሱ ማሳ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወገቡን ያመዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ላይ ነው። በጎ ፈቃደኛው ቀርቷል፤ ጎብኚው ቀርቷል፤ የላሊበላና የጎንደር አስጎብኚዎች ሥራ ፈትተዋል። አከራይዋ አዲሱ ፍራሽ ላይ ራሷ ትተኛለች። ስለ እነዚያ ልጆች ስትጠየቅ ግን አንዳቸውንም አታማም። «ወይ እነዚያ ልጆች! ምን በልተው ይሆን?» ነው የምትለው።

ሰላሙ ተመልሶ መንገዱ ሲከፈት ለመምጣት የምታስቡ፣ ፈረንጅም ሁኑ ዲያስፖራ፣ ወይም ቲሸርት የምታሳትሙ የአዲስ አበባ ልጆች፣ በኅዳር ኑ። ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ ዋልካው ደርቋል፤ ሩዙ ለአጨዳ ደርሷል፤ ማጭድ እኛ እንሰጣለን፤ ሩዙ ቢጫ፣ ሣሩ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። ሰርተፍኬት የለንም፤ ጠላ አለ። የነቢያት ጾም በኅዳር 15 ይገባል፤ ዶሮ መብላት የሚፈልግ ከዚያ በፊት ይድረስ።